በእህቴ ፊት

ነገሩ የተጀመረው ሒትሮው አየር ማረፊያ ነው። በመስከረም 2017 ዓ.ም. የእህቴ ልጅ ለሁለተኛ ዲግሪ ትምህርት ለንደን ስትገባ ልቀበላት ሄድኩ። ልጅቷን ለመጨረሻ ጊዜ ያየኋት የ8 ዓመት ሕፃን ሳለች ነበር። አሁን 24 ዓመቷ ነው። በምን እለያታለሁ ብዬ ስሟን በካርቶን ላይ ጽፌ ደረቴ ላይ አስደግፌ ቆምኩ። ካርቶኑ አላስፈለገም። ሻንጣዋን በጋሪ እየገፋች ብቅ አለች፤ ዓይኗ እኔ ላይ አረፈ፤ ጋሪውን ለቀቀችው፤ ከዚያም «እማዬ!» አለችኝ።

ወዲያው ደነገጠች። አፏን በመዳፏ ከደነች። «ይቅርታ አክስቴ፤ ፊትሽን ድንገት ሳየው…» ብላ ጀመረች እንጂ አልጨረሰችውም። እኔም አላስጨረስኳትም፤ አቅፌ ሳምኳት። እናቷና እኔ መንታ ነን። ያውም ቁርጥ አንድ የሆንን፣ ልጆች ሳለን እናታችን እንኳ በጨለማ የምታምታታን መንታ። ያን ዕለት ግን ከእህቴ ጋር አንዲት ቃል ከተለዋወጥን 16 ዓመት ሊሞላን ጥቂት ወራት ብቻ ቀርቶት ነበር።

ልጅቷ አድራሻዬን ያገኘችው በራሷ ጥረት ነው። «እናትሽ ታውቃለች?» ብዬ ስጠይቃት «ታውቃለች፤ አልከለከለችኝም፤ ሂጂም አላለችኝም» ብላ መለሰችልኝ። እህቴን እንደማውቃት፣ ይህ ከእሷ ዘንድ ትልቅ ፈቃድ ነው።

እንግዲህ ልጽፍ የተነሳሁት ስለ አንድ ልብ ወለድ ነው። አንባቢ ግን መጽሐፉ በምን ቤት ውስጥ እንደገባ ካላወቀ፣ ለምን ሌሊቱን ሙሉ ከወንበሬ ሳያስነሳኝ እንዳደረ አይገባውምና የቤቱን ነገር አስቀድሜ ልናገር።

እናታችን በታኅሣሥ 2001 ዓ.ም. አረፈች። ከዚያ በፊት 12 ዓመት ታማለች፤ የመጨረሻዎቹን ዓመታት ከአልጋ አልወረደችም። እህቴ ሥራዋን ትታ አስታመመቻት። እኔ ደግሞ ከዚህ፣ አንድም ወር ሳላቋርጥ፣ ብር እልክ ነበር። ለቀብሯ ባልደርስም ለአርባዋ ደረስኩ። በአርባዋ ማግስት፣ የሰው እግር ቀነስ ሲል፣ የቤቱን ነገር አነሳሁ። ቀበና አካባቢ ያለች፣ ሦስት ክፍልና አንድ ማድ ቤት ያላት የጭቃ ቤት ናት። «ተመልሼ መሄዴ ስለሆነ ነገሩ መልክ ቢይዝ» አልኩ። ልብ አድርጉ፤ ክፉ ነገር የተናገርኩ አልመሰለኝም ነበር።

እህቴ ጋቢ እያጠፈች ነበር። ቀና ብላ ሳታየኝ «አንቺ ብር ላክሽ፤ እኔ ገላዋን አጠብኩ» አለች።

«ሳሙናውን የገዛው ማን ሆነና!» አልኳት።

ይኸው ነው። በ16 ዓመት ውስጥ ይህችን ዐረፍተ ነገር በቀን ስንት ጊዜ መልሼ እንደዋጥኳት እግዜር ይቁጠረው። እህቴ ጋቢውን አጥፋ ጨረሰች፤ ሳጥኑ ላይ አስቀመጠችው፤ ወጣች። ሽማግሌ ገባ፤ የንስሐ አባታችንም ገቡበት፤ አልሆነም። እኔ ወደ ለንደን ተመለስኩ። ቤቱንም አልተካፈልነው። ካርታው ዛሬም በሟች እናታችን ስም ነው።

* * *

መጽሐፉን ወደ ቤቴ ያመጣችው ልጅቷ ናት። በመጣች በ3ኛ ሳምንቷ፣ አሮጌ ዕቃ ከሚሸጥበት የበጎ አድራጎት ሱቅ በ1 ፓውንድ ገዝታው ገባች። «ጀርባው ላይ ስለ መንታ እህትማማቾች ይላል፤ ለዚያ ነው የገዛሁት» አለችኝ። ጥቂት ገጾች አንብባ፣ ትምህርቱ ሲከብዳት ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ተወችው። እኔ የምሠራው በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ በሌሊት ተረኛነት ነው። አዛውንቶቹ ከተኙ በኋላ ሌሊቱ ረጅም ነው። መጽሐፉን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ሄድኩ።

ልብ ወለዱ «ኸር ፊርፉል ሲሜትሪ» ይባላል። በአማርኛ «አስፈሪው መመሳሰሏ» ብንለው ብዙ የምንርቅ አይመስለኝም። ርዕሱ እንግሊዛዊው ባለቅኔ ዊልያም ብሌክ ስለ ነብር ከጻፈው ዝነኛ ግጥም የተወሰደ ነው። ደራሲዋ አሜሪካዊቷ ኦድሪ ኒፈኔገር ናት፤ እ.ኤ.አ. በ2003 ባሳተመችው «የጊዜ ተጓዡ ሚስት» በተሰኘው የመጀመሪያ ልብ ወለዷ ዓለም ያወቃት። ይኸኛው ለንባብ የበቃው እ.ኤ.አ. በ2009 ነው። ዓመቱን ሳይ ፈገግ አልኩ፤ እኔና እህቴ በተጣላን በዚያው የፈረንጅ ዓመት።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ኤልስፔት የምትባል ሴት ለንደን ውስጥ በደም ካንሰር ትሞታለች። ኢዲ የምትባል መንታ እህት አለቻት፤ አሜሪካ፣ ቺካጎ አጠገብ፣ ባል አግብታ የምትኖር። ሁለቱ እህትማማቾች ከተቆራረጡ ሃያ ዓመት ያህል ሆኗቸዋል። ምክንያቱን ከእነሱ በቀር የሚያውቅ የለም። ኢዲ ደግሞ በተራዋ ጁሊያና ቫለንቲና የሚባሉ መንታ ሴቶች ልጆች አሏት። ኤልስፔት ስትሞት ለንደን ያለውን መኖሪያዋን ለእነዚህ ለማታውቃቸው ልጆች ትናዘዛለች። ኑዛዜው ግን ማሰሪያ አለው፦ ልጆቹ ቤቱን ከመሸጣቸው በፊት አንድ ዓመት ይኖሩበታል፤ እናትና አባታቸው ግን እግራቸው ከቤቱ እንዳይገባ።

ጁሊያና ቫለንቲና የመስተዋት መንታ ናቸው። አንዷ ከሌላዋ ፊት ስትቆም መስተዋት የምታይ ነው የሚመስላት። የቫለንቲና ልብ ያለው በቀኝ በኩል ነው፤ የሆድ ዕቃዋም የተገለበጠ ነው። በ21 ዓመታቸው ዛሬም አንድ ዓይነት ልብስ ይለብሳሉ። ጁሊያ አዛዥ ናት፤ ቫለንቲና ታዛዥ። ቫለንቲና የልብስ ንድፍ ልትማር ትመኛለች፤ ጁሊያ አትፈቅድም። ከዚህ በታች ያለው ታሪክ ሁሉ የሚፈልቀው ከዚች ትንሽ ክልከላ ነው። ሁለት ሰው ሆኖ ተወልዶ አንድ ሰው ሆኖ መኖር የሰለቻት ልጅ ናት።

ኤልስፔት ሞታለች አልን እንጂ አልሄደችም። መንፈሷ ከገዛ ቤቷ መውጣት አቅቶት እዚያው ቀርቷል። እዚህ ላይ ደራሲዋን አደነቅኳት። የእኛዎቹም የፈረንጆቹም የሙት መንፈስ ታሪኮች ብዙውን ጊዜ በጩኸትና በሰንሰለት ኳኳታ ይጀምራሉ። የኤልስፔት መንፈስ ግን መጀመሪያ እንደ ጨቅላ ደካማ ናት። በጠረጴዛ መሳቢያ ውስጥ ተሸጉጣ ትውላለች። ብርሃን ማብራትና ማጥፋት፣ ዕቃ ነካ ማድረግ ቀስ በቀስ ትማራለች። አንድ ቀን ፒያኖው ላይ በተኛው አቧራ ላይ በጣቷ መጻፍ ትችላለች። ከዚያች ዕለት ጀምሮ ቤቱ የሦስት ሰዎች ቤት ይሆናል።

በዚሁ ሕንፃ ሁለት ወንዶች ይኖራሉ። አንደኛው ሮበርት፣ የኤልስፔት ወዳጅ የነበረ፣ ስለ መቃብር ቦታ የመመረቂያ ጥናት የሚጽፍ ሰው ነው። ሌላው ማርቲን ከቤቱ መውጣት የማይችል፣ እጁን ሲታጠብ የሚውል፣ መስኮቱን በጋዜጣ የሸፈነ የጭንቀት በሽተኛ ነው። ሚስቱ ይህን መቋቋም አቅቷት አምስተርዳም ገብታለች። እኔ ከመጽሐፉ ሰዎች ሁሉ የወደድኩት ማርቲንን ነው። በሕይወት እያለ ቤቱ ውስጥ የታሰረ ሰው ከሞተች በኋላ ቤቷ ውስጥ ከታሰረች ሴት በላይ ይኖራል፤ በአንድ ደረጃ ብቻ ተለያይተው።

* * *

ያነበብኩትን ቦታ በዓይኔ ላየው ፈለግኩ። ልብ ወለዱ የተጻፈው ስለ እውነተኛ ቦታ ነውና። የኤልስፔት ቤት የተጠጋው በሰሜን ለንደን የሚገኘውን የሃይጌት መቃብር ነው። ደራሲዋ መጽሐፉን ለመጻፍ ስትል እዚያው መቃብር ቦታ ጎብኚ አስጎብኚ ሆና ሠርታለች። አንድ ቅዳሜ ልጅቷን አስከትዬ ሄድኩ። መግቢያው በክፍያ ነው። ልጅቷ «ለመቃብር ይከፈላል እንዴ?» አለች። «እዚህ አገር ለሞተም ለሚጎበኝም ይከፈላል» አልኳት።

ሃይጌት የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1839 ነው። በዚያ ዘመን የለንደን ሕዝብ ሲበዛ፣ የአጥቢያ አብያተ ክርስቲያናት ግቢ አስከሬን መያዝ አቃተው። ስለዚህ ከከተማው ወጣ ባሉ ኮረብታዎችና ሜዳዎች ላይ ሰባት ታላላቅ የመቃብር ሥፍራዎች በግል ኩባንያዎች ተመሠረቱ፤ ሃይጌት አንዱ ነው። ዛሬ 170,000 ያህል ሰዎች በ53,000 ያህል መቃብሮች ውስጥ አርፈውበታል። በምዕራቡ ክፍል የግብፅ ቤተ መቅደስ በር የመሰለ ጎዳና አለ፤ በዚያ ዘልቀው ሲሄዱ ክብ ሆነው የተደረደሩ የቤተሰብ መቃብሮች ይገኛሉ። በመካከላቸው ከመቃብሩ ቀድሞ የበቀለ ትልቅ የሊባኖስ ዝግባ ነበር፤ ታሞ እ.ኤ.አ. በ2019 ተቆርጧል። ሐውልቶቹን ሐረግ ጠቅልሏቸዋል፤ ክንፋቸው የተሰበረ መላእክት በቅጠል መሐል ብቅ ብለው ያያሉ። ኩባንያው ገንዘብ አጥቶ ቦታው ጫካ በሆነ ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ1970 «ደም መጣጭ መንፈስ ታየ» የሚል ወሬ በጋዜጣና በቴሌቪዥን ተነዝቶ፣ ሕዝብ በሌሊት አጥር እየዘለለ ገብቷል። በ1975 የአካባቢው ሰዎች የመቃብሩ ወዳጆች ማኅበር አቋቁመው ባያድኑት ኖሮ እስካሁን ፍርስራሽ ነበር።

ከሰማሁት ሁሉ ያስደነገጠኝ ግን የኤልሳቤጥ ሲዳል ታሪክ ነው። ሠዓሊና ባለቅኔ የነበረው ባሏ ዳንቴ ገብርኤል ሮሴቲ፣ እ.ኤ.አ. በ1862 ስትሞት በሐዘን ብዛት የግጥሞቹን ረቂቅ አብሯት ቀበረው። ከ7 ዓመት በኋላ ግን ግጥሞቹን ፈለጋቸው። በሌሊት መቃብሯ ተቆፍሮ፣ ሳጥኑ ተከፍቶ፣ ወረቀቱ ወጣ። እሱ ራሱ በቦታው አልነበረም። ለሟች የሰጠውን መልሶ የወሰደ ሰው! እኔ ለእናቴ የላክሁትን ብር ከእህቴ ፊት ቆጥሬ የጠየቅሁበት ቀን ትዝ አለኝ። እኔም ቆፋሪ ነበርኩ።

በምሥራቁ ክፍል ካርል ማርክስ አለ። እ.ኤ.አ. በ1883 ሲሞት የተቀበረው ሌላ ጥግ ላይ ነበር፤ በ1954 ወደ አሁኑ ቦታ ተዛወረ፤ ያ ግዙፍ የራስ ሐውልት የቆመለት በ1956 ነው። እኛ ትምህርት ቤት በነበርንበት ዘመን ይህን ጢማም ሰው የማያውቅ ልጅ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1984 ምሥራቅ ጀርመን ለኢትዮጵያ የሰጠችው ሌላው ራሱ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አካባቢ ቆሟል። ለልጅቷ «ይኸ ማርክስ ነው» ስላት ትንሽ አሰበችና «የልብስ ሱቁ? ማርክስ ኤንድ ስፔንሰር?» አለችኝ። መሬቱ ላይ ቁጭ ብዬ ሳቅኩ። አብዮቱ ስንት ሰው እንዳስጨረሰ የሚያውቅ ሰው ብቻ ነው እንዲህ የሚስቀው።

ከሐውልቱ ስንመለስ «ልዑል ዓለማየሁም እዚህ ነው?» ስትል ጠየቀችኝ። አይደለም፤ የአፄ ቴዎድሮስ ልጅ እ.ኤ.አ. በ1879 በ18 ዓመቱ ሲሞት የተቀበረው ዊንድሰር ቤተ መንግሥት ባለው የቅዱስ ጊዮርጊስ ጸሎት ቤት ነው። አጽሙ ለአገሩ ይመለስ የሚለውን ጥያቄ፣ የሌሎቹን አጽም ሳያውኩ ማውጣት አይቻልም ብሎ የእንግሊዝ ቤተ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2023 አልተቀበለም። ስለ ኤልስፔት ለማሰብ ልብ ወለድ እንኳ አላስፈለገኝም። ከገባበት ቤት መውጣት የተሳነው ሙት በታሪካችንም አለ።

* * *

መጨረሻውን ለሌላ አንባቢ መናገር ነውር መሆኑን አውቃለሁ። ነገር ግን ሳልናገረው የምጽፈው የለኝም።

አንድ ቀን ኤልስፔት በቤቱ ያለችውን የድመት ግልገል ስትነካ፣ ሳታስበው ነፍሷን ከሥጋዋ መንጭቃ ታወጣለች። ግልገሏ ትሞታለች። ኤልስፔት ደንግጣ ነፍሷን መልሳ ስታስገባ ግልገሏ ትነሳለች። ቫለንቲና ይህን አይታ አሰበች፦ እኔም ብሞት፣ ብቀበር፣ ጁሊያም አልቅሳ ብትተወኝ፣ ከዚያ አክስቴ ነፍሴን ብትመልስልኝ ነፃ እወጣለሁ። ሮበርት እያቅማማ ይተባበራል። ቫለንቲና ትሞታለች። ኤልስፔት ግን ነፍሷን አትመልስላትም። ባዶ ወደሆነው ሥጋ ራሷ ትገባበታለች። በእህቷ ልጅ እግር ተራምዳ፣ በእህቷ ልጅ ፊት ስቃ፣ ከወዳጇ ጋር ትሄዳለች። ቫለንቲና በተራዋ ቤቱ ውስጥ መንፈስ ሆና ትቀራለች።

የተቆራረጡት እህትማማቾች ምሥጢርም በመጨረሻ ይገለጣል። በወጣትነታቸው ስማቸውንና ሕይወታቸውን ተለዋውጠዋል። ኤልስፔት ስትባል የኖረችው ሟች፣ የመንታዎቹ ወላጅ እናት እሷው ናት። የገዛ ልጇን ሥጋ ነው የቀማችው።

ሐቁን ለመናገር መጽሐፉ እንከን የለውም አልልም። የቫለንቲና ዕቅድ የሞኝ ዕቅድ ነው። እንደ ሮበርት ያለ ዓመታት ስለ ሙታን ሲያጠና የኖረ አስተዋይ ሰው በዚህ ነገር እጁን ያስገባል ብሎ ማመን ይከብዳል። የእህትማማቾቹ ምሥጢርም በመጨረሻዎቹ ገጾች በጥድፊያ ተዘርግፎ አንባቢን ስም ከስም ያምታታዋል፤ ሁለት ጊዜ መለስ ብዬ ነው የገባኝ። ከሁሉ እውነተኛው ክፍል የማርቲን ነው። ቀስ በቀስ፣ በመድኃኒትና በትዕግሥት፣ ከበሩ አንድ እርምጃ፣ ከዚያ አንድ ደረጃ እያለ ወጥቶ ሚስቱን ፍለጋ አምስተርዳም ይገባል። ከዚያ ሕንፃ በገዛ እግሩ ነፃ የወጣ እሱ ነው።

ይሁንና የፈራሁት ሌላ ነገር ነው። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ገደማ፣ ኤልስፔት የቫለንቲናን ሥጋ ለብሳ የምትነሳበትን ገጽ ሳነብ፣ አንዲት አሮጊት ደወል ደወለችና ውሃ ልሰጣት ሄድኩ። ስመለስ በጨለማው የመስኮት መስተዋት ፊቴን አየሁት። ያኔ ነው የገባኝ።

በእኛ ባሕል ሙት ቤት ይዞ አይቀመጥም። ሙት የሚመጣው በሕልም ነው፤ ሲመጣም ጉዳይ አለው፦ ተዝካሬን፣ አደራዬን ይላል። ታዲያ ሳይኖር ቤት ውስጥ የሚኖር፣ ሳይታይ ዕቃ የሚያንቀሳቅስ ማነው? እኔ ነኝ። ከእናታችን ቤት በ1982 ዓ.ም. ወጥቻለሁ። ግን በዚያ ቤት ቴሌቪዥኑ የተገዛው በእኔ ነው፤ ፍሪጁ የተቀየረው በእኔ ነው። ድምፄ በስልክ ይሰማል፤ ሥጋዬ የለም። ምን ይበላ፣ የትኛው ሐኪም ይታይ፣ የአጥሩ ቆርቆሮ ምን ዓይነት ይሁን የምለው እኔ ነበርኩ። እህቴ ደግሞ የማይታይ ሰው በሚያዝበት ቤት ውስጥ የሚታየውን ሥራ ሁሉ ትሠራ ነበር። ከዚያ አንድ ቀን መንፈሱ ሥጋ ለብሶ በሻንጣ መጣና «ቤቱ መልክ ይያዝ» አላት።

የባሰም አለ። ወደ ለንደን የመጣሁበት የመጀመሪያው ፓስፖርት ላይ ያለው ፎቶግራፍ የእኔ አይደለም። ዘመዳችን ለአንዳችን ብቻ ነበር ጥሪ የላከልን፤ እናታችን እኔን መረጠች። ያን ሳምንት ጉንጬ ላይ ትልቅ ብጉንጅ ወጥቶብኝ ስለነበር፣ ወረቀቱም ስለሚያስቸኩል፣ እህቴ ሄዳ በእኔ ቀሚስ ፎቶግራፉን ተነሳች። ማንም አላወቀ። ያኔ ስቀን ነበር። አሁን ሳስበው፣ የእሷ ፊት ነው እንግሊዝ አገር የገባው፤ እሷ ግን እዚያው ቀርታ ገላ ታጥባለች።

* * *

ይህን ሁሉ የተገነዘብኩት በመጽሐፉ ብቻ ቢሆን ኖሮ ባልጻፍኩት ነበር። በኅዳር ወር አንድ እሑድ ከልጅቷ ጋር ቤተ ክርስቲያን ሄድን። ከቅዳሴ በኋላ በአዳራሹ ዳቦና ሻይ ሲታደል፣ የማላውቃት ሴት ጠጋ ብላ «እትዬ፣ ልጅዎ ናት? ቁርጥ እርስዎን!» አለችኝ።

«አዎ» አልኩ።

ለምን እንዳልኩት አላውቅም። ልጅ አልወለድኩም። ያን ጊዜ ልጅቷ ቤቴ ከገባች ሁለት ወሯ ነው። ጫማዋን በሬ ላይ ሳየው፣ ማታ «መጣሽ?» ስትለኝ፣ ቤቴ ሌላ ቤት ሆኖብኝ ነበር። አንዳንዴ በእንቅልፍ ልቧ «እማ» ስትለኝ አላርማትም። ካፖርት ገዛሁላት፤ በሳምንቱ ጫማ። እናቷ በስልክ ምስል ስትደውልላት እኔ ከምስሉ ወጣ ብዬ ግድግዳ ተጠግቼ እቆማለሁ፤ የእህቴን ድምፅ እሰማለሁ፤ እሷ አታየኝም።

«አዎ» ያልኩትን ልጅቷ ሰምታለች። ሻይዋን ይዛ አጠገባችን ቆማ ነበር። ምንም አላለችም። በአውቶቡስ ስንመለስ ግን እስከ ቤት ድረስ በመስኮት ውጭውን ስታይ ነበር።

መጽሐፉን ያነበብኩት ከዚህ በኋላ በታኅሣሥ ነው። ኤልስፔት የእህቷ ልጅ ሥጋ ውስጥ ስትገባ ለምን መጽሐፉን ዘግቼ እንደተነሳሁ እንግዲህ አንባቢ ይረዳልኛል። ኤልስፔት ከመጀመሪያው ክፉ አልነበረችም። ልጆቹን ትወዳለች። ታጫውታቸዋለች፤ ትናፍቃቸዋለች። ያ ሥጋ ድንገት ባዶ ሆኖ ፊቷ ሲቀርብላት ነው እምቢ ማለት ያልቻለችው። ክፋት ሁልጊዜ ጥርሱን አግጥጦ አይመጣም፤ አንዳንዴ «ልጅዎ ናት?» ብሎ በትሕትና ይጠይቃል።

በየካቲት ልጅቷን ኃይለኛ ጉንፋን ጣላት። ሁለት ሌሊት ትኩሳቷ አልወርድ አለ። በ3ኛው ቀን ማለዳ እናቷ ስትደውል ስልኩን መያዝ አቅቷት፣ ምንም ሳትለኝ እጇን ዘርግታ ሰጠችኝ። ልቀበል ጎንበስ ስል ምስሉ ውስጥ ገባሁ።

እህቴ ነጠላዋን ተከናንባለች። ጠጉሯ ሙሉ በሙሉ ነጭ ነው። ከፊት አንድ ጥርሷ የለም። ጉንጮቿ ወደ ውስጥ ገብተዋል። ሌላ ሰው ቢያየን ዛሬ መንታ አይለንም። እኔ ግን አወቅኩት፤ ሳልሄድ ብቀር ኖሮ የሚኖረኝ ፊት ነው። እሷም የሄደችበትን ፊቷን ታያለች። ሁለታችንም ለረጅም ጊዜ ዝም አልን።

«ጠጉርሽን ትቀቢያለሽ» አለች።

«እቀባለሁ።»

«ልጄ በላች?»

«አጥሚት ሠርቼላት ትንሽ ቀመሰች።»

«ቅቤ አገባሽበት?»

«ትንሽ።»

«ቅቤ አይስማማትም። ማር አድርጊበት» ብላ ዘጋችው።

ይህ ነው በ16 ዓመት የመጀመሪያው ንግግራችን። ወጥ ቤት ገብቼ አጥሚቱን በማር እንደገና ሠራሁት። ልጅቷም እስከ መጨረሻው ጠጣችው።

በሳምንቱ በራሷ ደወለች። ስለ ልጅቷ ጠይቃ ስታበቃ፣ ጣሪያው ማፍሰስ ጀምሯል አለችኝ። ድሮ ቢሆን «ስንት ልላክ?» እል ነበር። ቃሉ ምላሴ ጫፍ ደርሶ መለስኩት። «በየት በኩል?» አልኳት። «በእናታችን አልጋ በኩል» አለችና ዝም አለች። ለጥቂት ጊዜ ሁለታችንም ያንን አልጋ አየነው። ከዚያ እንደምንም ብዬ «ያን ዕለት ስለ ሳሙናው ያልኩሽ…» ብዬ ጀመርኩ።

«አሁን የሚያሳስበኝ ቆርቆሮው ነው» አለች።

ይቅርታ ይሁን አይሁን አላውቅም። የቤቱ ካርታ ዛሬም በእናታችን ስም ነው፤ እሱን ወደ እሷ ለማዞር የምፈርመው ወረቀት ምን እንደሆነ ልጅቷን ጠይቄያት እያጣራችልኝ ነው። እህቴ ስለዚህ ነገር ገና አልሰማችም። ስትሰማ ልትቆጣ ትችላለች። እሷን አውቃታለሁ።

መጽሐፉን ልጅቷ ከዳነች በኋላ ከመጀመሪያው ጀምራ አነበበችው። ስትጨርስ ምን ተሰማሽ ብላት «ኤልስፔት አሳዘነችኝ» አለች። «ማን ሥጋ የቀማችው?» አልኳት። «አዎ፤ ልጇ እንደሆነች በጊዜ ተናግራ ቢሆን ኖሮ መቀማት አያስፈልጋትም ነበር» አለችኝ። እኔ ያላየሁትን የ24 ዓመት ልጅ አየችው።

በፋሲካ ማግስት በነበረው እሑድ ያቺ ሴት በአዳራሹ ውስጥ እንደገና አገኘችን። ልጅቷ ከእኔ ጎን ነበረች። ሴትየዋ ትከሻዋን ሳም ሳም አድርጋ «እንኳን አደረሰሽ፤ ልጅዎ አምሮባታል እትዬ» አለችኝ።

«የእህቴ ልጅ ናት» አልኳት። «ባለፈው ተሳስቼ ነው።»

ሴትየዋ ልጅቷንና እኔን ደጋግማ አየችን። «ውይ! መልካችሁ እኮ … እህት አለዎት እንዴ?»

«አለችኝ» አልኩ።